የሰርግ ቪዲዮ ላይ የለቅሶ ዘፈን አስገባሁ፤ ካንትሪ የምታውቁ እስቲ ድረሱልኝ

ካሜራው ከማርቆስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ፎቶና ቪዲዮ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት እቀርጻለሁ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። ጉዳዬ ለሰሚው ያስቃል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው ጥር አማኑኤል ከተማ አካባቢ አንድ ሰርግ ቀረጽኩ። ሙሽራው የመጣው በፈረስ ነው። የዘንድሮ ሙሽራ መኪና ካልተደረደረለት ከቤቱ አይነቃነቅም፤ ይሄኛው አባቱን ደስ ይበላቸው ብሎ ፈረስ ላይ ወጣ። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር ተጎንጉኖለታል። አዝመራው ስለተነሣ ሜዳው ገለባ መስሏል። ከኋላ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ የድግሱ ጭስ። አጥር ላይ ተንጠልጥዬ በስሎው ሞሽን ቀረጽኩት። ሱሪዬ ተቀደደ። ይቀደድ፤ እስከዛሬ ከቀረጽኩት ሁሉ እንደዚያ የሚያምር የለኝም።

ኤዲት ላይ ስቀመጥ ግን ዘፈን አጣሁለት። የሰርግ ዘፈኑ ሁሉ ጭፈራ ነው። ስሎው ሞሽን ላይ ሲገባ ፈረሱ እስክስታ ያቃተው ይመስላል። በኋላ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ፦ ፈረስ ካለ ካንትሪ፣ የአሜሪካ ባላገር ዘፈን! ከድሮ ጓደኛዬ እጄ ላይ የቀረች አንዲት ፍላሽ አለች (የሷን ነገር ተዉት)። "ካንትሪ" የሚል ፎልደር ውስጥ ገባሁና ትራክ 7ን ከፈትኩ። የወንድ ድምፅ ነው፤ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ እንደሚያወጋ ሰው ቀስ ይላል። ከኋላው ጊታር ይሁን ምን ይሁን ያልገባኝ ነገር ይንሸራተታል። ወደ መጨረሻው ቫዮሊኖቹ ይነሣሉ፤ ሰውየው መዝፈኑን ትቶ ዝም ብሎ ያወራል። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው። "ላቪንግ" የምትለዋን ለቀም አደረግኩ። በቃ፣ የፍቅር ነው አልኩ። ከፈረሱ እርምጃ ጋር ልክክ አለ።

ቤተሰቡ ወደደው። የሙሽራው አባት ሁለቴ አስደገሙኝ። እናትየው አለቀሱ፤ እኔም በደስታ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ የመጣ የሙሽሪት የአክስት ልጅ ደወለልኝ። ሰላምታም የለ።

"ወንድሜ፣ ዘፈኑን ሰምተኸዋል? ሰውየው'ኮ ሞቷል!"

"ማነው የሞተው?" አልኩ ደንግጬ። ሙሽራው መስሎኝ ነበር።

"ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ!"

ዘፋኙ ጆርጅ ጆንስ እንደሚባል፣ ዘፈኑም "ሂ ስቶፕድ ላቪንግ ኸር ቱዴይ" እንደሆነ ነገረኝና ስልኩን ዘጋው። እና ካንትሪ የምታውቁ ሰዎች፣ ዘፈኑ በደንብ ምን እንደሚል ንገሩኝ። ከዚያ በላይ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የለቅሶ ዘፈን ከሆነ ዜማው ለምን ለሰርግ የሚሆን መሰለኝ? ጆሮዬ ደንቁሮ ነው?


ወሬ ነጋሪ፦

አንተ የጎጃም ልጅ አይደለህም እንዴ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 "ፍቅር እስከ መቃብር" ብለው የጻፉት'ኮ እዚሁ አገርህ ላይ ነው። እሳቸው ወፍራም መጽሐፍ የፈጀባቸውን ፈረንጁ በ3 ደቂቃ ጨረሰው፤ ይኸው ነው ልዩነቱ። ለማንኛውም ቀጣዩ የልደት ቪዲዮ ላይ ሙሾ አስገባበት 😂


የበረሃው ሹፌር፦

ካሜራው፣ አይዞህ። እኔ ደጀን ነው ቤቴ፤ ከአዲስ አበባ ማርቆስ ባሕር ዳር ስመላለስ 22 ዓመት ሆኖኛል። እንግሊዝኛውን አልሰማም። ካንትሪን ግን እሰማለሁ። ዶን ዊሊያምስ ነው የኔ ሰው። ድምፁ ወፍራም፣ አይጮህ፣ አይቸኩል። ዘፈኑ ሲጀምር ካቢና ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ የተቀመጠ ይመስለኛል። በ2017 ነው የሞተው፣ በፈረንጁ። ረዳቴ ከስልኩ አንብቦ ሲነግረኝ ዓባይ በረሃ፣ ፍልቅልቅ ላይ ነበርን፤ የዚያን ቀን ሌላ ዘፈን አልከፈትኩም።

አንድ ምክር ልስጥህ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስወርድ ካንትሪ አልሰማም። ቁልቁለቱ ላይ ሐሳብ ይወስዳል፤ ፍሬን ደግሞ ሐሳብ አይወድም። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ስጀምር ነው የምከፍተው። ዳገቱ ረጅም ነው፣ መኪናው በከባድ ማርሽ ያቃስታል፣ ዘፈኑም አብሮት ያቃስታል።

ስለ ሐዘን ካነሣችሁ ግን እኔን የሚነካኝ የሃንክ ዊሊያምስ ነገር ነው። ከዶን ጋር ዘመድ አይደሉም፤ ስሙ ነው የተገጣጠመው። ይሄ ሰውዬ የተለያየ፣ የተከዳ፣ ብቻውን የቀረ ሰው ዘፈን ሲዘፍን ኖረ። የሞተው በ29 ዓመቱ ነው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማለዳ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1953፣ ኦሃዮ ውስጥ ላለበት ኮንሰርት በካዲላክ እየሄደ ከኋላ ወንበር ላይ ሞቶ ተገኘ። የሚነዳው ገና ተማሪ የሆነ ቅጥር ልጅ ነው። ተኝቷል ብሎ ነዳ። ሰው ሁሉ ለዘፋኙ ያዝናል፤ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ልጁን ነው። ሌሊት፣ ብርድ፣ ከኋላህ ያለው ሰው ዝም ብሏል። አንዴ ዞር ብለህ ደርቦ የተኛበትን ታስተካክልለታለህ፣ እጁ ይቀዘቅዝብሃል። እኔ ከዚያ ወዲህ ከኋላ የተኛ ሰው ካለ በየከተማው ቆሜ እቀሰቅሳለሁ። ረዳቴ ይረግመኛል።


ከየኔታ ያመለጠ፦

ብቸና እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ለምኜ በልቻለሁ፤ ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ለኔ የተላከ ነው የመሰለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሴት ይወዳል። እስክሞት እወድሻለሁ ይላታል። እሷ ደግሞ ጊዜ ሲያልፍ ትረሳኛለህ ትለዋለች፣ ትሄዳለች። ዓመት ዓመትን ይተካል፤ ሰውየው አይረሳም። ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። አልጋው አጠገብ የ1962 ደብዳቤዎቿ አሉ። "እወድሃለሁ" የምትል ቃል ባገኘ ቁጥር በቀይ አስምሮባታል። እያንዳንዷን። ዘፈኑ የወጣው በ1980 ነው፤ 18 ዓመት መሆኑ ነው (ቁጥሩ ሁሉ በነሱ አቆጣጠር)።

የሚተርክልን ወዳጁ ነው። ዛሬ ሊያየው ሄዷል። ሰውየው ለብሶ አምሮበታል፤ መንገድ ሊሄድ ነው። በስንት ዓመቱ ፈገግ ብሏል። ከዚያ አዝማቹ ይመጣል፦ ዛሬ እሷን መውደድ አቆመ። ሰሙ ይሄ ነው። እሰይ፣ ተገላገለ ትላለህ። ቀጥሎ በሩ ላይ ጉንጉን አበባ ሰቀሉ ይልሃል፤ በኛ ድንኳን ተተከለ እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ልብሱ ይገባሃል። ራሱ አይደለም የለበሰው፤ አልብሰውት ነው።

ወርቁ እንዲህ ከተፍ ሲል ነው የዘፈኑ ጉልበት። ካንትሪ ውስጥ ይሄ የተለመደ ስልት ነው፤ አዝማቹ አንድ ዓይነት ቃል ሆኖ እየተደጋገመ፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረች አንዲት ስንኝ ትርጉሙን ትገለብጠዋለች። እንግሊዝኛው በ"አቆመ" ያደረገውን እኛ በ"አረፈ" እናደርገዋለን። እስቲ ይቺን እዩልኝ፦

ፎቶዋን እንዳየ ስንት ዓመት አለፈ፤
ዛሬስ ደስ ይበላት፣ ከፍቅሯ አረፈ።

ቅኔ አይደለም፣ ግጥም ነው። የኔታ ቢሰሙ "ለዚህ ነው ዲማ የመጣኸው?" ባሉኝ።

ደራሲዎቹ ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን ናቸው። ጆንስ ዘፈኑን መጀመሪያ አልወደደውም። ሐዘኑ በዛ፣ ማንም አይገዛውም አለ። ከወጣ በኋላ ግን የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር በ1980ም በ1981ም የዓመቱ ዘፈን ብሎ ሸለመው። ጆንስ ራሱ ታሚ ዋይኔት የምትባል ዝነኛ ዘፋኝ አግብቶ በ1975 ተፋትቷል። መጠጥ ላይም የማይቻል ነበር። ከትዳሮቹ በአንዱ ሚስቱ የመኪና ቁልፍ ደብቃበት፣ በሣር ማጨጃ ማሽን እየነዳ መጠጥ ፍለጋ እንደሄደ ራሱ ጽፏል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ሲዘፍነው ነው እንግዲህ።

አንድ የረሳሁት። ቅድም "መዝፈኑን ትቶ ያወራል" ያልከው ቦታ ላይ የሚለው፣ ሴትየዋ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው መጣች ነው። ለቅሶ ደረሰች። ትመጣ ይሆን ወይ እያልን ስንጠይቅ ነበር ይላል ወዳጁ።


ካሜራው ከማርቆስ፦

ወይኔ ጉዴ!

መምህር፣ ያ የሚያወራበት ቦታ ላይ ምን እንዳስገባሁ ታውቃለህ? ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ። በሩ ተከፍቶ፣ ቬሏ ደፉን እየነካ፣ ሚዜዎቹ ይዘዋት ስትወጣ! እኔ'ኮ ድምፁ ዝቅ ሲል ሰው ቀልቡን ይሰበስባል ብዬ አስቤበት ነው ያደረግኩት። በሩ ላይ ደግሞ አበባ አለ። ራሴ ነኝ የሰቀልኩት፣ ለፎቶው እንዲያምር።


ወሬ ነጋሪ፦

ሞትኩ 😂😂 ይቅርታ፣ አረፍኩ።


ክራር ገራፊው፦

ከባሕር ዳር ነኝ። ማታ ማታ እንግዳ ፊት ክራር እገርፋለሁ። ካሜራው፣ ጆሮህ አልደነቆረም። እንዲያውም በደንብ ሰምተሃል።

ትዝታ ሜጀርን ውሰድ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ። ፋ እና ሲ የሉበትም። ብዙ የካንትሪ ዜማ የሚቆመው በነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ነው። አልፎ አልፎ ፋም ሲም ጣል ያደርጉበታል፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። የኔ ክራር ስድስት ክር ናት። አምስቱ አምስቱን ድምፅ ይይዛሉ፣ ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋን ከፍ አድርጋ ትደግማለች። በትዝታ ቃኝቼ እያለሁ ፈረንጅ ገብቶ ካንትሪ ቢለኝ ቅኝቱን ሳልነካ እገርፍለታለሁ። አንዱ ሽማግሌ እንግዳ እንዲያውም "ይሄን ዘፈን ከየት አመጣችሁት?" አለኝ። እኔም መልሼ እሱን ጠየቅኩት።

ትዝታ በዚህ ቅኝት ብሩህ ነው፤ በራሱ አያለቅስም። ፈጠን አድርገህ ብትገርፈው እስክስታ ይወረድበታል። ቀስ አድርገህ "ትዝታሽ ገደለኝ" የሚል ግጥም ብታስገባበት ያው ክር ሆድ ያባባል። ካንትሪም እንደዚያው ነው። በጣም የሚያሳዝኑት ዘፈኖች ብዙ ጊዜ በሜጀር፣ በብሩሁ ቅኝት ነው የሚዘፈኑት። ቃሉን ለማይሰማ ሰው ሰርግ ነው። እና አንተ ዜማውን ሰማህ፣ ዜማው ደግሞ አልዋሸህም።

ያ የሚንሸራተተው ነገር ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ነው የሚመስለው። ተጫዋቹ ቁጭ ብሎ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቱ ማንሻ ይገፋል። ክሩ እየጮኸ ሳለ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጎተታል። ማሲንቆን አስብ። አንድ ክር፣ የፈረስ ጭራ፣ የጣት ማረፊያ የለ። ጣትህ ሲንሸራተት በሁለት ድምፅ መሃል ያለውን ሁሉ ታልፍበታለህ። ሰው ሲያለቅስም ድምፁ እንደዚያ ነው የሚሄደው፣ ደረጃ ወጥቶ አይቆምም። አዝማሪና የካንትሪዋ ከተማ የናሽቪል ሰው ሳይገናኙ እዚያው ደርሰዋል።

የበረሃው ሹፌር፣ ዳገቱ ላይ መክፈትህን ወድጄዋለሁ። የመኪናህ ቅኝት ምንድነው ግን? 😀


የፍኖተ ሰላሟ፦

ሁላችሁም ሰውየውን አለቀሳችሁለት። ሴትየዋስ? ለምን ሄደች? ዘፈኑ ውስጥ አንዲት ስንኝ አለ ወይ? እሱ 18 ዓመት ደብዳቤ ሲያሰምር እሷ ምን ስትሠራ ነበር? ልጅ ስታሳድግ ይሆናል። ኑሮ ስታሸንፍ ይሆናል። ወንዶቹ ሲዘፍኑ የሄደችው ሴት ሁልጊዜ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። በኛም ዘፈን ያው ነው፤ "ጨካኝ" ተብላ ታልፋለች።

ለዚህ ነው ዶሊ ፓርተንን የምወዳት። በፈረንጆቹ 1974 የወጣውን፣ ሁልጊዜ እወድሃለሁ የሚለውን ዘፈን የጻፈችው ፖርተር ዋጎነር ለሚባል ዘፋኝ ነው። ፍቅረኛዋ አይደለም፤ በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ያወጣት አለቃዋ ነው። ልሂድ ስትል አልለቅም አላት፤ ጭቅጭቁ ሲሰለቻት ዘፈን ጽፋ ዘፈነችለት። ሄደች። ሄዳ ግን የሄደችበትን ራሷ ተናገረች፤ አልተዘፈነባትም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ስትዘፍነው ደግሞ ዓለም ሁሉ ሰማው።

እና ካሜራው፣ አንተ ብቻ አይደለህም የተሸወድከው። ያንን የስንብት ዘፈን ስንቱ ሰርጉ ላይ ይከፍተዋል። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም ጭምር።

ቪዲዮውን ግን ቀይርላቸው። ሙሽሪት አንድ ቀን ልጇ አድጎ ቢተረጉምላት ደስ አይላትም።


ካሜራው ከማርቆስ፦

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የተመለስኩት።

ሙሽራው ጋ ደወልኩና ሳልደብቅ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ "ሰውየው እስኪሞት ወደዳት ነው የሚለው?" አለኝ። አዎ አልኩት። "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ሲል ከኋላው የሙሽሪት ድምፅ መጣ፦ "አለው! ቀይሩልኝ!" አለቀ። የፍኖተ ሰላሟ እህቴ፣ ቃልሽ ደርሷል።

ክራር ገራፊው ውለታህን እግዜር ይክፈልህ። በስልክ የላክህልኝን ትዝታ ፈረሱ ላይ አስገባሁት። ልክክ ነው ያለው። ያልከውም እውነት ነው፤ ቤተሰቡ ዘፈኑ መቀየሩን ያወቀው ስነግራቸው ነው። አባትየው ብቻ "ያኛው ትንሽ ይበልጥ ነበር" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ልጅቷ ሳትሰማ። የበረሃው ሹፌር፣ እናትየው ለምን እንዳለቀሱ አልጠየቅኩም። አንዳንድ ነገር ዞር ብለው ባይነኩት ይሻላል።

የፍላሿን ነገር ተዉት ብዬ ነበር። ባለቤቷ በ2006 ቤሩት ሄደች። መጀመሪያ በየቀኑ ኢሞ ላይ ድምፅ ትልክልኝ ነበር፣ በኋላ በሳምንት፣ በኋላ ቀረ። እኔ እስከ ትናንት ድረስ ረሳችኝ ነበር የምለው። እሷ ምን ስትሠራ ነበር የምትለዋን ሳነብ ግን የላከችው ድምፅ ሁሉ ትዝ አለኝ። ከኋላ ሁልጊዜ ውኃ ይወርድ ነበር። ዕቃ እያጠበች ነበር የምታወራኝ። አንድ ቀን እንኳ "ምንድነው ድምፁ?" አላልኳትም።

ደብዳቤ የለኝም፣ በቀይ የማሰምርበት። ድምፆቹ ያሉት በድሮዋ ቴክኖ ስልኬ ላይ ነው፤ ስክሪኗ ተሰንጥቋል፣ ባትሪዋ አብጧል። ትናንት ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ከመሳቢያ አወጣኋትና ባትሪዋን በላስቲክ ጠፍሬ ቻርጅ ላይ ሰካኋት። ትራክ 7ን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሰውየው መዝፈኑን ትቶ ማውራት ሲጀምር እኔ አሁንም የሚታየኝ የአማኑኤሏ ሙሽራ ከበሩ ስትወጣ ነው።

ስልኳ እስካሁን አልበራችም። ቀይ መብራቷ ግን በርቷል።